ከስልክ አጭበርባሪዎችና ከማንነት ስርቆት ራስን እንዴት መጠበቅ ይቻላል

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በድሬዳዋ ከቀፊራ ገበያ እስከ ታይዋን ገበያ መደብሮች ድረስ በስልክ መክፈል የተለመደ ሆኗል። በኪስ የነበረው ገንዘብ ወደ ስልክ ሲገባ ግን ሌባውም ተከትሎት ገብቷል። አብዛኛው የስልክ ማጭበርበር የባንኩን ሥርዓት በመስበር የሚፈጸም አይደለም፤ ባለቤቱ ተጣድፎ ወይም ደንግጦ የሚስጥር ቁጥሩን በገዛ አፉ ስለሚናገር የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ዓላማቸው ቁጥሩ ከእጅዎ እንዳይወጣና በችኮላ እንዳይወስኑ ማድረግ ነው።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

በመጀመሪያ የሚስጥር ቁጥርዎን ይቀይሩ። የልደት ዓመት፣ የስልክ ቁጥር መጨረሻ ወይም እንደ 123456 ያለ ተከታታይ ቁጥር በቀላሉ ስለሚገመት አይጠቀሙበት፤ የባንኩንና የቴሌብሩንም አንድ ዓይነት አያድርጉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በየሰፈሩ የለመድነው አንድ ነገር ነው። እናቶች ስልካቸውን ለሱቁ ልጅ ይሰጡና «እንካ ልጄ፣ ላክልኝ» ብለው የሚስጥር ቁጥሩን በሰው መሐል ይነግሩታል። ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ከጎን ቆሞ የሚሰማው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የቴሌብር መተግበሪያ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛም ስለሚሠራ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ በሚቀናቸው ቋንቋ ቁጥሩን ራሳቸው እስኪያስገቡ ድረስ ደጋግሞ ማለማመድ የልጆቻቸው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ ሲም ካርዱን ይቆልፉ። ስልክ የሰረቀ ሰው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ካስገባው የማረጋገጫ ኮዶች ሁሉ ለእሱ ይደርሱታል፤ የስልኩ መቆለፊያ ይህን አያስቀርም። በስልኩ የደኅንነት ማስተካከያ ውስጥ የሲም መቆለፊያውን ካበሩት ግን ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲገባም ቁጥር ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ስለሚቆለፍና ለመክፈት ፒዩኬ የተባለው ቁጥር ስለሚያስፈልግ ሲሙ ተያይዞበት የመጣውን ካርድ አይጣሉ። በተጨማሪም *#06# ሲጫኑ የሚወጣውን ባለ15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር በወረቀት ጽፈው ቤት ያስቀምጡ።

ቴሌግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያስገቡበት። አጭበርባሪው በዘመድ ስም «ኮድ በስህተት ወደ አንተ ተልኳል፣ ንገረኝ» ብሎ ኮዱን ካገኘ በኋላ፣ በእርስዎ ስም ለወዳጆችዎ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ብር ላኩልኝ» እያለ ይጽፋል። ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካለ ኮዱ ብቻውን አያስገባውም።

ጥሪ ሲመጣ

ደዋዩ ስምዎን ማወቁ፣ በሚገባዎት ቋንቋ አጥርቶ መናገሩ ወይም ከበስተኋላው የቢሮ ድምፅ መሰማቱ ማስረጃ አይሆንም። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለው ማታለያ ብዙ ሰው የነቃበት ይመስለኛል። አሁን የሚያስፈራው «ሂሳብዎን ከፋይዳ ጋር ስላላያያዙ ዛሬ ይዘጋል፣ የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩን» የሚለው ነው፤ ባንኮች ይህን ማያያዝ በእርግጥ ስለጠየቁ እውነት ይመስላል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ ሳይከራከሩ ስልኩን ይዝጉና ራስዎ ይደውሉ፤ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። የደወለልዎትን ቁጥር መልሰው አይደውሉ። የትኛውም የባንክ ሠራተኛ ለሥራው ብሎ የሚስጥር ቁጥርዎን ወይም የደረሰዎትን ኮድ ሊጠይቅዎት አይገባም።

በ*21* የሚጀምር ቁጥር እንዲጫኑ ቢጠየቁም እሺ አይበሉ፤ ይህ ወደ እርስዎ የሚመጣውን ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ነው። አስቀድመው ተጭነው ከሆነ ##002# ደውለው ያጥፉት።

ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች ደግሞ «ዕቃ ተልኮልዎታል፣ የጉምሩኩን ይክፈሉ» በሚል ይጠቃሉ። ብር ከመላክ በፊት ለዘመዱ በሚያውቁት ቁጥር ደውሎ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል።

ነጋዴ ከሆኑ

ገዢ የሚያሳይዎትን ስክሪንሾት ወይም ወደ ስልክዎ የገባ አጭር መልእክት ብቻ አይቶ ዕቃ መስጠት አደገኛ ነው፤ ሁለቱንም አስመስሎ መሥራት ይቻላል። ሰልፉ ቢረዝምም መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሂሳብዎ መጨመሩን ይዩ። «በስህተት 3,500 ብር ገብቶብዎታል፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ሲመጣም መጀመሪያ ሂሳቡን ይመልከቱ፤ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ ራስዎ ከመመለስ ይልቅ ላኪው በባንኩ በኩል እንዲጠይቅ ያድርጉ።

መታወቂያና ሂሳብ

ባለ12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ «ሥራ አለ» ለሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ አይላኩ። ኮፒ መስጠት ግድ ሲሆን ለምን ጉዳይና መቼ እንደሰጡ ኮፒው ላይ አቋርጠው ይጻፉበት፤ ለሌላ ጉዳይ መጠቀሙ ይከብዳል። በስምዎ ሲም አውጥተው ለሌላ አይስጡ፤ «ብር ላሳልፍበት» ለሚል ሰውም ሂሳብዎን አያውሱ። የተጭበረበረ ገንዘብ ካለፈበት ፖሊስ መጀመሪያ የሚፈልገው በሂሳቡ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው።

ጉዳቱ ከደረሰ

ኀፍረት ብዙ ሰው ያዘገያል፤ እርስዎ ግን አይዘግዩ። ወዲያው ባንኩ ወይም ቴሌብር ጋ ደውለው ሂሳቡን ያሳግዱ፤ ስልኩ ከተሰረቀ ሲሙንም በ994 ያዘጉ። ቴሌግራምዎ ከተወሰደ በስልክዎ ላይ ገና ክፍት ከሆነ በቴሌግራሙ ማስተካከያ «ዲቫይስስ» (Devices) የሚለው ውስጥ ገብተው ከእርስዎ ስልክ ሌላ የገቡትን ሁሉ ያስወጡ፤ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት እርስዎን ማስወጣት ስለማይችል ይህን ጊዜ ይጠቀሙበት። መልእክቶቹን ሳያጠፉ፣ የተላከበትን ሰዓት፣ የዝውውሩን ቁጥርና የተቀባዩን ስም ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርንም የማንነት ስርቆትንም ወንጀል አድርጎ ይቀጣል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» የሚል ሰው ሊደውል ይችላል። ይህም ያው ማጭበርበር ስለሆነ ምንም ሳይከፍሉ ቁጥሩን ማመልከቻዎን ለያዘው መርማሪ ያስመዝግቡ።