ኤጀንሲ ወይስ ቅጥር? የማርኬቲንግ ወጪን እንዴት እናወዳድር

«ልጁ በ20 ሺህ እሠራለሁ ብሏል። ኤጀንሲው 45 ሺህ ይላል። ታዲያ ምኑ ይወዳደራል?»

የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ወስኖ ነው የሚመጣው፤ «ቅጠር» እንድለው ብቻ ነው የሚፈልገው። ችግሩ ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። 20 ሺው ለማርኬቲንግ የሚቀጠረው ልጅ በወር ኪሱ የሚገባው ነው። 45 ሺው ደግሞ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ የፈርኒቸር ሱቅ እንውሰድ። የደመወዙና የዕቃው ዋጋ ለስሌት ያህል የወሰድኩት ነው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት። የግብሩና የጡረታው መቶኛ ግን የሕጉ ነው።

1. መጀመሪያ ሥራውን ጻፉ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በወር ምን እንደሚሠራላችሁ ዘርዝሩ። ቀረጻ፣ ኤዲቲንግ፣ ፖስተር፣ ጽሑፍ፣ ቡስት (ፖስቱ ለብዙ ሰው እንዲታይ ከፍሎ ማስተዋወቅ)። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያስታውሳል።

የሚረሳው ለደንበኛ መመለስ ነው። የሶፋ ፎቶ ተለጠፈ እንበል። ከሥሩ «ስንት ነው?» «ዋጋ?» «አድራሻችሁ የት ነው?» «ግራጫ አለው?» «ለገጣፎ ታደርሳላችሁ?» ይደረደራል። ይህን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ደንበኛው ሌላ አምስት ቻናል ላይ ያንኑ ጥያቄ ጥሎ ነው የመጣው፤ ቀድሞ የመለሰ ይሸጣል። (ዋጋውን ፖስቱ ላይ ብትጽፉት ግማሹ ጥያቄ ይቀርላችኋል። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ነገር ማንን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

2. ኔቱን ወደ ግሮስ መልሱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ደመወዝ ስንደራደር በኔት፣ ተቀናንሶ እጅ በሚገባው ነው፤ ግሮስ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለው ሙሉ ደመወዝ ነው። «ስንት ትከፍሉኛላችሁ?» የሚል ልጅ የሚያስበው እጁ ስለሚገባው ብር ነው፤ ስለ ግብር ማሰብ የእሱ ጣጣ አይደለም። «20 ሺህ» ብላችሁ ከተጨባበጣችሁ ግብሩንም፣ የእሱን የጡረታ መዋጮም የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ በእርከን ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ፔይሮል (የደመወዝ መዝገብ) የሚሠሩ ሰዎች አቋራጭ አላቸው፦ ደመወዙ ከ14,000 ካለፈ ሙሉውን በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ብር ይቀንሳሉ። ግብሩ እሱ ነው። ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። ከግሮሱ ላይ 35 እና 7 በመቶው ሲነሳ 58 በመቶ ይቀራል፤ 2,050ው ይደመርበታል። ስለዚህ ከኔቱ ላይ 2,050 ቀንሱ፣ የቀረውን ለ0.58 አካፍሉ። 20,000 ሲቀነስ 2,050 ይሆናል 17,950። ለ0.58 ሲካፈል 30,948 ብር። ግሮሱ ይኼ ነው። የእናንተን 11 በመቶ፣ 3,404 ብር፣ ጨምሩበት። 34,352 ብር።

20 ሺህ ያላችሁት ልጅ 34 ሺህ ገባ። ገና ወንበር እንኳ አልተገዛለትም።

ይህን ስሌት ሳሳይ አንዱ መጥቶ «ፔይሮል ላይ 8 ሺህ ጻፍ፣ የቀረውን በእጁ ስጠው» ማለቱ አይቀርም። አትስሙት። ከሕግ ውጭ መሆኑ ሳያንስ ሒሳቡም አያዋጣም። በእጅ የሰጣችሁት ብር በመዝገብ ስለሌለ ወጪ ተብሎ አይያዝላችሁም፤ ትርፍ ተብሎ ግብር ይከፈልበታል። ልጁም የተጣላችሁ ቀን የእጁን ክፍያ መረጃ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

3. ዕቃውንና ሥራ የማይገባበትን ቀን ደምሩ

ኮምፒውተር፣ ስልክ፣ መብራት፣ ማይክ 180,000 ብር ፈጀ እንበል። ሦስት ዓመት ያገለግላል ብላችሁ ለ36 ወር አካፍሉት፤ በወር 5,000። ለቲክቶክ ብላችሁ ካሜራ አትግዙ። ጥሩ ስልክ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክና ትራይፖድ ከበቂ በላይ ነው። ለኢንተርኔት፣ ለኤዲቲንግ አፕና ለትራንስፖርት 3,000 ብንይዝ 42,352 ደረስን።

ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በዓላቱ ደርዘን ያህል ናቸው። ሲደመር አንድ የሥራ ወር ሄደ ማለት ነው። የ12 ወር ወጪ 508,224 ብር ነው፤ ለተሠራበት 11 ወር ስታካፍሉት 46,202 ብር ይመጣል። ኤጀንሲው በፈቃድ ምክንያት ክፍያ አያስጨምራችሁም፤ ንፅፅሩ ፍትሐዊ የሚሆነው በዚህ ቁጥር ነው።

4. የኤጀንሲውን 45 ሺህ ፍቱት

ስንት ቪዲዮ? ስንት ፖስተር? ቀረጻው ውስጡ አለ ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ስንት ጊዜ ማሳረም ይቻላል? በጽሑፍ ይምጣ።

ቀጥሎ ቫት። 45 ሺው ቫት ካልጨመረ በ15 በመቶ 51,750 ይሆናል። እናንተ ራሳችሁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ የከፈላችሁት ከሰበሰባችሁት ላይ ይቀናነስላችኋል፤ ወጪያችሁ ያው 45,000 ነው። ካልተመዘገባችሁ ግን ሙሉው የእናንተ ነው። ዊዝሆልዲንግ (የቅድሚያ ግብር) የመያዝ ግዴታ ካለባችሁ ደግሞ ከኤጀንሲው ክፍያ ላይ ቀንሳችሁ ለገቢዎች ታስገባላችሁ እንጂ በዋጋው ላይ አይጨመርም።

ደረሰኝ የሌለውን ፍሪላንሰርስ? «35 ሺህ ብቻ፣ ያለ ደረሰኝ» ሲሏችሁ ርካሽ ይመስላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆናችሁና ትርፍ ካላችሁ የትርፍ ግብራችሁ 30 በመቶ ነው። ደረሰኝ ያለው 45,000 ወጪ ተይዞ ግብራችሁን በ13,500 ይቀንሳል፤ በተጨባጭ የከፈላችሁት 31,500 ነው። ደረሰኝ የሌለው 35 ሺህ ያው 35 ሺህ ነው። ርካሹ ተወደደ። ደመወዙም በፔይሮል ከተከፈለ እንደዚሁ ወጪ ስለሚያዝ ሁለቱን ዋና አማራጮች ስናወዳድር ይህን ቅናሽ ከሁለቱም ትቼዋለሁ።

የቡስት ብር ሌላ ነው። ቅጥርም ሆነ ኤጀንሲ፣ ለሜታ (ለፌስቡክና ኢንስታግራም ባለቤት) ወይም ለጎግል የሚከፈለው ለብቻው ይያዝ። የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውሉ ላይ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ ይጻፍ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ያኔ «በወር 100 ዶላር» የሚል ውል የነበረው ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት አይከብድም። ከኤጀንሲውም «ቡስት ተደርጓል» የሚል ወሬ ሳይሆን ሜታ ያወጣውን የክፍያ ደረሰኝ ጠይቁ።

በመጨረሻ ያ «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ። ኤጀንሲዎች ብዙ ጊዜ አይመልሱትም፤ ስለ ዕቃችሁም አያውቁም። ሱቅ ውስጥ ያለችው ሻጭ ትመልሳለች። እሷ በጠቅላላው 15,000 ብር የምትወጣባችሁ ከሆነና ግማሽ ቀኗ ስልክ ላይ ካለፈ 7,500 ብር የማርኬቲንግ ወጪ ነው። ከቫቱ ሁኔታ ጋር ስንደምረው ኤጀንሲው 52,500 ወይም 59,250 ይመጣል።

5. ጎን ለጎን አስቀምጡ

መጀመሪያ 20 እና 45 ነበር፤ የ25 ሺህ ልዩነት። አሁን 46,202 እና 52,500 ነው። ለቫት ተመዝጋቢ ልዩነቱ ስድስት ሺህ ገደማ፣ ላልተመዘገበ 13 ሺህ።

ቅጥሩ አሁንም ይረክሳል። ግን በ20 ሺህ ኔት ቀራጭም፣ ኤዲተርም፣ ዲዛይነርም፣ ጸሐፊም፣ መላሽም የሆነ አንድ ሰው አግኝታችሁ ከሆነ ደብቁት። ከእነዚህ ሁለቱን በደንብ ከሠራ ጥሩ ነው። ኤጀንሲ ብዙ እጅ አለው፤ በአንጻሩ እናንተ ከብዙ ደንበኞቹ አንዱ ናችሁ፣ በእንቁጣጣሽና በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ሁሉም እኩል ይጮህበታል።

ሥራችሁ በብዛት መመለስና ዕለት ዕለት አጫጭር ቪዲዮ መልቀቅ ከሆነ ቅጠሩ። ጥራቱ ከፍ ያለ ማስታወቂያ አልፎ አልፎ የሚያስፈልገው ድርጅት ሰው ቀጥሮ ቢያስቀምጥ ብሩን ያለ ሥራ ነው የሚያስቀምጠው። ለሱቅ ዓይነት ሥራ እኔ የማደላው ወደ ቅይጡ ነው፦ አንድ ልጅ ቀጥሮ የዘወትሩን ማሠራት፣ ከበዓል በፊት ደግሞ ቀረጻ ብቻ በሥራ ልክ መግዛት።

6. አጭር ሙከራ

ለቅጥሩ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ግን የለም። ከኤጀንሲው ጋር የዓመት ውል አትፈርሙ፣ ሦስት ወር ይበቃል።

በነዚያ ወራት የሚገዛውን ሁሉ «የት አያችሁን?» በሉና ካሸሩ ጋ ባለ ደብተር ላይ ጭረት አድርጉ። 46,202 ብር 20 ገዢ ካመጣ አንድ ገዢ በ2,310 ብር መጣ። የላይክ ብዛት ከዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

ገጾቹ በማን ስም እንደተከፈቱም በመጀመሪያው ቀን አጣሩ። ቻናሉ በድርጅቱ ሲም ይከፈት፤ ልጁም ኤጀንሲውም አድሚን ብቻ ይሁኑ። በሌላ ሰው ቁጥር ተከፍቶ ከሆነ ሰውዬው ሳይሄድ ባለቤትነቱን አስተላልፉ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው የአሁኑ ባለቤት ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሲሞላው ስለሆነ ዛሬውኑ እንዲያበራው አድርጉ።