አያት ለምትልከው ቀሚስ ልኩን እንዲህ ስጧት

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ለልጄ የሐበሻ ቀሚስ ትልካለች። ችግሩ፣ በእማማ ዓይን ልጅቷ ዛሬም ቦሌ ላይ ስማ የሸኘቻት የ3 ዓመት ሕፃን ናት። አሁን 6 ሞልቷታል! የአምናው ከጉልበቷ አላለፈም፤ እማማ እንዳይከፋት ፎቶውን ከወገብ በላይ አንስተን ላክንላት።

ስለዚህ ልጅቷን በባዶ እግሯ ግድግዳ አስደግፋችሁ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ የደረቷን ዙሪያና የእጅጌዋን ርዝመት በሜትር ለኩ። ቁጥሩን በስልክ አትንገሯት፣ ጽፋችሁ ላኩ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ልብስ ሰፊው ቁመቱ ላይ 10 ሴንቲ ይጨምር። ትርፉን ግን ከታች አይጠፈው፣ ጥበቡ ይደበቃል። ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል አጥፎ ላላ ባለ ስፌት ይያዘው፤ ስትረዝም እናንተው ትፈቱታላችሁ።

ለጫማ ደግሞ እግሯን ወረቀት ላይ አስረግጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩና በመንገደኛ ላኩ። እማማ ወረቀቱን ይዛ መርካቶ ዞረችበት። ጫማው ከተገዛ ቆየ፣ ወረቀቱ ግን እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው።