ለቆየ የቤት መኪና የኋላ መስታወት መጋረጃ መግጠም

ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሹፌር ፀሐይን ከኋላው ትቶ ነው የሚነዳው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳማ የሚወርደውም እንዲሁ። ለሹፌሩ ይህ እፎይታ ነው። ከኋላ ወንበር ለተቀመጡት ግን ፀሐይቱ ሙሉ ጉዞውን ማጅራታቸው ላይ ናት፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚታሰር የሕፃን መቀመጫ ውስጥ ላለ ጨቅላማ ጉዞው ሁሉ ፀሐይን ፊት ለፊት ማየት ነው። የፊት መስታወት በሁለት ንብር መካከል ስስ ፕላስቲክ ስላለው አብዛኛውን አልትራቫዮሌት ጨረር ያስቀራል፤ የብዙ መኪኖች የኋላ መስታወት ግን አንድ ንብር ብቻ በመሆኑ የዚህን ጨረር ከፍተኛ ክፍል ያሳልፋል። ጨረሩ ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም።

ውድ የሆኑ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ የሚጠቀለል የኋላ መጋረጃ አላቸው። በ1990ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተሠራ ኮሮላ ወይም የዚያ ዘመን ሌላ የቤት መኪና ያለው ሰው ግን ራሱ መግጠም ይኖርበታል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ በጥንቃቄ ከተሠራ አንድ የእረፍት ቀን ይበቃዋል።

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው መጋረጃ መስታወት ላይ ሲጫኑት በሚጣበቅ የላስቲክ መምጠጫ የሚያዝ ነው። እኔም የጀመርሁት በእርሱ ነበር። ላስቲኩ በፀሐይ ሲሞቅ ይለሰልስና ይለቃል፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መጋረጃው ከነብረቱ ተወርውሮ የልጄ ትከሻ ላይ አረፈ። ጉዳት አልደረሰባትም፤ ይሁን እንጂ ከዚያን ቀን ወዲህ ብረት ላይ ባልታሰረ መጋረጃ አላምንም። ሁለተኛው አማራጭ ከትልቅ መኪና የተፈታ በሞተር የሚሠራ መጋረጃ ነው፤ እንዲህ ያለው አንዳንድ ጊዜ በአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ይገኛል። ነገር ግን ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቱቦም ሆነ መጋረጃውን የሚያነሡት ክንዶች የተሠሩት ለዚያ መኪና መስታወት ስፋትና ጉብጠት ስለሆነ፣ ለሌላ መኪና ማስማማት ከመግዣው በላይ ያስወጣል። ስለዚህ እኔ የምመክረው በእጅ የሚሳብ፣ ቱቦው ውስጥ ሞላ ያለውና በራሱ የሚጠቀለል መጋረጃ ከመደርደሪያው ብረት ጋር በብሎን ማሰርን ነው። መደርደሪያ የምለው ከኋላ ወንበር መደገፊያ እስከ መስታወቱ ሥር የተዘረጋውን ጠፍጣፋ ስፍራ ነው።

ጨርቁን ሲመርጡ ቀዳዳማ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም መጋረጃው ተነሥቶ ሳለም በስፖኪዮ የኋላውን መንገድ ማየት መቻል አለብዎት። ጨርቁን በክንድዎ ርቀት ዘርግተው በእርሱ በኩል ውጭ የቆመን መኪና ይመልከቱ፤ የመኪናው ቅርጽና መብራቱ በግልጽ ካልታየ ጨርቁ አይሆንም። ወደ መኪናው ውስጥ የሚዞረው ፊት ጥቁር ቢሆን ይመረጣል፤ ነጭ ጨርቅ ብርሃንን ወደ ዓይን ስለሚመልስ በእርሱ በኩል ውጭውን ማየት አስቸጋሪ ይሆናል። ወደ መስታወቱ የሚዞረው ፊት ደግሞ ብርማ ወይም ፈካ ያለ ቢሆን ሙቀቱን ከፊሉን መልሶ ወደ ውጭ ይልካል። ከውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ የሚያግደው መስታወቱን አልፎ የገባውን ፀሐይ በመሆኑ መኪናውን ያቀዘቅዛል ብለው አይጠብቁ፤ ዋና ጥቅሙ ጨረሩ በቀጥታ ሰው ላይ እንዳያርፍ ማድረጉ ነው።

ልኬቱን በሦስት ቦታ ይውሰዱ፤ እነርሱም የመስታወቱ የታች ስፋት፣ የላይ ስፋት፣ እንዲሁም ቱቦው ከሚቀመጥበት ነጥብ እስከ መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ያለው ርዝመት ናቸው። ርዝመቱን መስታወቱን ተከትለው ሳይሆን ክር ወጥረው ይለኩ፤ የተወጠረ ጨርቅ ቀጥ ብሎ እንጂ እንደ መስታወቱ ጎብጦ አይሄድም። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች የኋላ መስታወት ከላይ ጠበብ ስለሚል ጨርቁም ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ሆኖ መቆረጥ አለበት። ሰፊው ጎን ቱቦው ላይ እስከተጣበቀ ድረስ እንዲህ ያለ ጨርቅ ያለ ችግር ይጠቀለላል። ጠርዞቹን ወፍራም ስፌት የሚችል የስፌት መኪና ላለው ልብስ ሰፊ ይስጡ፤ እጥፋቱ ከወፈረ ግን ጥቅሉ ዳር ዳሩ ላይ ያብጣል። ቱቦውን ማሳጠር ካስፈለገ ሞላው ያለበትን ጫፍ አይንኩ፤ የሚቆረጠው ሌላኛው ጫፍ ነው።

ከዚያ መደርደሪያውን ማራቆት ይከተላል። በብዙ የዚያ ዘመን መኪኖች የመቀመጫው ትራስ ከፊት ጠርዙ በሁለት ክሊፕ የተያዘ ስለሆነ ወደ ላይ ሲሳብ ይላቀቃል። መደገፊያው ከሥሩ በቁጥር 10 ወይም 12 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን አለው፤ ብሎኑ ከወጣ በኋላ መደገፊያው ወደ ላይ ከፍ ሲደረግ ከመንጠቆው ይወጣል። መደርደሪያውን የሸፈነው ምንጣፍ የለበሰ ካርቶን ከዚህ በኋላ ክሊፖቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ይነሣል። በፀሐይ የደረቀ ክሊፕ በቀላሉ ስለሚሰበር አስቀድመው ጥቂት መለዋወጫ ክሊፖች ቢገዙ ይጠቀማሉ። የኋላ ቀበቶዎቹ ማሰሪያና ጥቅላቸው እዚሁ አካባቢ ሊሆን ስለሚችል የቀበቶውን ብሎን አይፍቱ፤ የግድ ከተፈታም በነበረበት ጥብቀት ይመለስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ካርቶኑ ላይ ብቻ የታሰረ መጋረጃ ከላስቲክ መምጠጫው ብዙም አይሻልም፤ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ብሎኑ ካርቶኑን ቀዶ ይወጣል። ቱቦውን ግራና ቀኝ የሚይዙት መያዣዎች መታሰር ያለባቸው ከካርቶኑ ሥር ካለው ላሜራ ጋር ነው። ከመብሳትዎ በፊት የዕቃ መጫኛውን ከፍተው ከሥር ሆነው በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ የስፒከር፣ የፍሬን መብራትና የመስታወት ማሞቂያ ሽቦዎች በዚያ ያልፋሉ። መርሴዲስ ደብልዩ 124ን በመሳሰሉ አንዳንድ መኪኖች የነዳጅ ታንከሩ ራሱ ከኋላ ወንበር መደገፊያ ጀርባ፣ ከመደርደሪያው ሥር ነው ያለው። ከሥሩ ምን እንዳለ በዓይንዎ ሳያዩ ትራፓኖ አያስነሡ።

የቱቦው ቦታ የሚወሰነው በፍሬን መብራቱ ነው። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሦስተኛው የፍሬን መብራት መደርደሪያው ላይ ከሆነ፣ ቱቦው ከእርሱ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ወንበሩ በኩል መሆን አለበት፤ መጋረጃው ሲነሣ መብራቱ በጨርቁና በመስታወቱ መካከል ቀርቶ ከኋላ ለሚመጣ መኪና ያለ ከልካይ ይታያል። በዚያ ዘመን የነበረው አምፖል በጣም ስለሚሞቅ ጨርቁ የመብራቱን ሽፋን እንዳይነካ ጥቂት ሴንቲሜትር ይተዉ። የሕፃን መቀመጫ የላይ ማሰሪያ ነጥብ መደርደሪያው ላይ ካለም ቱቦው እንዳይሸፍነው ያድርጉ።

መያዣዎቹን 2 ሚሊሜትር ውፍረት ካለውና ኤል ቅርጽ ከተሰጠው ላሜራ ማሠራት ይቻላል። ለእያንዳንዱ መያዣ ሁለት ባለ 5 ሚሊሜትር ብሎን ይበቃል፤ ከሥር በኩል ሰፊ ሮንዴላና በንዝረት የማይላላ፣ ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ይግባ። ላሜራው ሲበሳ ቀለሙ ስለሚገፈፍ የቀዳዳውን ጠርዝ በፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡ፤ በቆየ መኪና ዝገት የሚጀምረው እንዲህ ባሉ ትናንሽ ቦታዎች ነው። ካርቶኑን ከመመለስዎ በፊት ለመያዣዎቹ የሚሆን ቀዳዳ በስለት ያውጡለት።

ጨርቁን ወደ ላይ የሚይዙት ሁለት መንጠቆዎች ናቸው። ጣሪያውን በስቶ መንጠቆ ማሰር ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ የውስጡና የውጭው ቆርቆሮ ስለሚቀራረቡ ትንሽ የረዘመ ብሎን ጣሪያውን ከውጭ ሊያነሣው ይችላል፤ በጣሪያው ጎን የአየር ከረጢት ባላቸው መኪኖች ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። እኔ የምመርጠው ጠንካራ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ያለውን መንጠቆ መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ማሞቂያ ክሮቹ በማይደርሱበት ቦታ መለጠፍን ነው። ክሮቹ ላይ የተለጠፈ ነገር ሲነሣ ክሩን ይዞት ይሄዳል፤ የተቆረጠ ክርም ከዚያ በኋላ መስመሩን አያሞቅም። መስታወቱን በአልኮል ያጽዱ፤ መንጠቆውን አጥብቀው ይጫኑ፤ ከዚያም ጨርቁን ሳይሰቅሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆዩ። እንዲህ ያለው ማጣበቂያ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ገደማ ነው።

የሞላውን ውጥረት ማስተካከል ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ሳለ ሞላው ያለበትን ጠፍጣፋ ጫፍ በፒንሳ ጥቂት ዙር ያጥብቁና መያዣው ላይ ያስገቡት፤ ከዚያ ስበው ይልቀቁት። እየተጎተተ የሚመለስ ከሆነ አንድ ሁለት ዙር ይጨምሩ፤ ከእጅ አምልጦ በኃይል የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ይቀንሱ፤ ጠንክሮ የተወጠረ ሞላ መንጠቆዎቹን ሌት ተቀን እየጎተተ ያላቅቃቸዋል። ለቤት መስኮት የተሠራ፣ መሐል መንገድ ላይ የሚቆለፍ ቱቦ ባይሆን ይሻላል፤ ማውረድ ሲፈለግ ወዲያው መውረድ አለበትና።

ወንበሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው ፍሬን እንዲይዝ አድርገው መብራቱን ከመኪናው ኋላ ቆመው ይመልከቱ። ቀጥሎ ጭር ባለ መንገድ ላይ ማንም ከኋላ ሳይቀመጥ ጠንከር ያለ ፍሬን ይያዙ፤ ቱቦውም መንጠቆዎቹም ከቦታቸው መንቀሳቀስ የለባቸውም። ማታ፣ በዝናብ ጊዜና መስታወቱ ጉም ሲይዝ መጋረጃው ይውረድ። በአካባቢዎ የትራፊክ ደንብ ስለ መስታወት መሸፈን የሚለውንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ድንጋይ ንጣፍና ኮረኮንች ብሎን ያላላሉ። ከአንድ ወር በኋላ የዕቃ መጫኛውን ከፍተው ከሥር ሆነው አራቱንም ዳዶዎች በቁልፍ ይፈትሹ፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ቢታዩ በቂ ነው።