አሮጌ መኪና ታሪክ እንዳላት እንዴት ይጣራል? ቮልስን ይዘን እንየው

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ሲያስወጣቸው ያሳፈራቸው በቮልስ ነው። ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ምርቷ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ቮልስ መሆኗ ብቻ ብርቅ አያደርጋትም። ያቺ አንዷ ግን ከሁሉም ትለያለች። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያሳድዱትም ይሄንኑ ነው፤ ሞዴሉ አንድ ነገር ነው፣ ያቺው መኪና ማን ይዟት፣ የት ውላ፣ ምን አይታ እንደነበር ሌላ ነገር ነው።

ግቢ ውስጥ የቆመች ወይም ልትገዟት ያሰባችኋት መኪና ካለች ማጣራቱን እንዲህ ጀምሩ።

መጀመሪያ ቁጥሯን አንብቡ። ጋራዥ ከማስገባታችሁ በፊት። ቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ስር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ከፍ ያለ ብረት ላይ ተመትቷል። ከፊት ኮፈኑን ስትከፍቱም በስኮርታው አካባቢ ሌላ ሳህን አለ። የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር ነው። ሦስቱንም ፎቶ አንሱና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዝገት ካለ በጨርቅና በዘይት ቀስ ብላችሁ አጽዱ እንጂ በብረት ብሩሽ ወይም በመፈግፈጊያ እንዳትነኩት፤ ቁጥሩ ከተበላ የመኪናዋ ማንነት አብሮ ይሄዳል።

ባለዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ11 የሚጀምር ከሆነ፣ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። 117 ካለ የ1967 ሞዴል ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። የሞዴል ዓመቱ የሚጀምረው ግን ካለፈው ዓመት ኦገስት ስለሆነ፣ መኪናዋ በ1966 መጨረሻ የተሠራች ልትሆን ትችላለች።

ቀጥሎ ፋብሪካውን ጠይቁ። ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም የሻንሲ ቁጥሩን ስትልኩለት የፋብሪካውን መዝገብ አይቶ በክፍያ ሰርተፍኬት ይሰጣል። መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟ ምን እንደነበር፣ ወዴት እንደተላከች ይነግራችኋል። ይሄ ወረቀት ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

ከዚያ የባለቤቶቹን ሰንሰለት ሥሩ። ሥራው የሚከብደው፣ እኔም በጣም የምወደው እዚህ ጋ ነው። ከዛሬው ባለቤት ወደ ኋላ ሂዱ። የድሮ የሽያጭ ውል፣ የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ሽማግሌዎችንም በጊዜ አነጋግሩ፣ እየቀዱ። “የደጃዝማች እገሌ ነበረች” የሚል ወሬ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፎቶ ላይ ታርጋዋ ቢታይ እንኳ ታርጋ ይቀየራል። ያንን ታርጋ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኝ የዚያን ጊዜ ወረቀት ካገኛችሁ ነው ነገሩ የሚያዘው። የዚያን ጊዜ ወረቀት ሁልጊዜም ከአርባ ዓመት በኋላ ከተጻፈ ምስክርነት ይቀድማል። አንድ ባለቤት ከጠፋባችሁ ክፍተቱን በግምት አትሙሉት፣ ክፍት መሆኑን ጻፉት።

ማጣራቱ ሳያልቅ ቀለም አታስቀቡ! እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ። አሜሪካዊው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ፊልም ላይ የነዳትን አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ አስቡ። አንድ ቤተሰብ በ1974 በ6 ሺህ ዶላር ገዝቶ እንደ ማንኛውም መኪና ሲጠቀምባት ቆየ። ማክዊን ራሱ በ1977 መልሶ ሊገዛት ደብዳቤ ጻፈ፣ እምቢ አሉት። በ2020 ጨረታ ላይ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ስትጠራ ግጭቷም ዝገቷም እንዳለ ነበር። ደብዳቤው፣ ቁጥሩና ለፊልሙ ሲባል አካሏ ላይ የተሠራው ሥራ አንድ ላይ መሰከሩላት። ለዚያው ፊልም የተገዛችው ሌላዋ ሙስታንግ ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ተጥላ ተገኘች። ያገኟት ሰዎች የሌላ ፊልም መኪና አስመስለው ሊሠሯት ሲሉ ቁጥሯ ሲጣራ ማን እንደሆነች ታወቀ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ...

ቮልሷ ድሮ ተቀብታ ከሆነም አትዘኑ። ምንጣፉን አንሱ፣ ከስኮርታው ጀርባ፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ እዩ፤ የፋብሪካው ቀለም እዚያ ቀርቶ ይሆናል። ሰርተፍኬቱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ በፎቶ ያዙት።

ሞተሩ ተቀይሯልስ? ብዙ መኪና እዚህ አገር የኖረው በተቀየረ ሞተር ነው፣ ታሪኳን አይሰርዘውም። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ሌ ማን የሚባለውን የፈረንሳይ የመኪና ውድድር ያሸነፈችው ቤንትሌይ፣ “ኦልድ ነምበር ዋን” የሚሏት፣ አካሏም ሞተሯም በየጊዜው ሲቀያየር ኖሮ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ስትሸጥ ገዢው እሷ አይደለችም አለ። በ1990 እንግሊዝ ውስጥ ፍርድ ቤት የቀረበው ጉዳይ ያለቀው ታሪኳ ሳይቋረጥ ስለመጣ እሷው ናት በሚል ውሳኔ ነው። እናንተም ምን መቼ እንደተቀየረ ጻፉ። አሮጌው ሞተር ካለ ለቁራሌው አትስጡት፣ ቁጥሩ ያለበትን ብረት ብቻ እንኳ አስቀሩ።

የሰበሰባችሁትን ሁሉ በአንድ ፋይል አድርጉ፣ ቅጂውን ሌላ ቤት አስቀምጡ። መኪናዋን ከሸጣችሁ ዋናው ፋይል አብሯት ይሂድ፣ የእናንተም ስም በሰንሰለቱ ውስጥ ተጽፎ።