ለቪኤ ክሌም ረዳት ስትፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ጦር ስምንት ዓመት ያገለገለ ወዳጄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና እየጠጣን ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «እስቲ ይቺን እያት፣ ልፈርም ነው።» ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የሚቀርበውን ክሌም፣ ማለትም የአካል ጉዳት ክፍያ ጥያቄ፣ እናዘጋጅልሃለን ከሚል ድርጅት የመጣች ውል ናት። ድርጅቱ ቪኤ ክፍያውን የሚተምንበትን የአካል ጉዳት መቶኛ ካስጨመረለት፣ በወር ከሚጨመርለት ገንዘብ አምስት እጥፉን ይወስዳል። ሶፍት ላይ አሰላነው። በ2025 ሂሳብ፣ ጥገኛ ለሌለው ሰው 30 በመቶ በወር 537 ዶላር ገደማ ያስገኛል፣ 70 በመቶ ደግሞ 1,759። ልዩነቱ 1,222፣ አምስት እጥፉ 6,110 ዶላር። «ለመሆኑ ይሄ ድርጅት ገንዘብ መቀበል ይፈቀድለታል?» ስለው ዝም አለ።

እውቅናውን ሳያዩ ማመን

የሰው ጉዳይ ይዞ ቪኤ ፊት መቅረብን ሥራዬ ብሎ መያዝ የሚችለው ከቪኤ እውቅና ያገኘ ሰው ነው። እነሱም ሦስት ዓይነት ናቸው፦ የቬተራን (የቀድሞ ወታደሮች) ማኅበራት ተወካዮች፣ ጠበቆች እና ክሌም ኤጀንቶች። ግሪን ካርድ ያስጨረሰልን ጠበቃ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ቪኤ ካላወቀው ግን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም። በየዓመቱ ታክስ የሚሠራልን የአገራችን ልጅም እንደዚያው። ማጣራቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቪኤ ድረ ገጽ ላይ ስም እየጻፉ የሚፈልጉበት የእውቅና ዝርዝር አለ። «እኛ አማካሪ ነን»፣ «ኮች ነን» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሉም። ቅጹን ሞልተው እናንተን ያስፈርሟችኋል፤ የእነሱ ስም ወረቀቱ ላይ አይገኝም። ስህተት ከተገኘ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

ለመጀመሪያው ክሌም መክፈል

ወዳጄን ሊያስበላው የነበረው ይሄ ነው። ሕጉ እንደሚለው፣ ቪኤ የመጀመሪያ ውሳኔውን እስኪሰጥ ድረስ ጠበቃም ሆነ ኤጀንት ክሌም ስላዘጋጀ ሊያስከፍል አይችልም። እንደ ዲኤቪ፣ አሜሪካን ሊጅን እና ቪኤፍደብልዩ ያሉ ማኅበራት ተወካዮች ደግሞ መቼም አያስከፍሉም። በየስቴቱና በየካውንቲው ያሉ የቬተራን ቢሮዎችም በነፃ ይረዳሉ። ከውሳኔው በኋላ ጠበቃ ከያዛችሁ፣ ከውዝፉ ክፍያ እስከ 20 በመቶ መውሰዱ ተገቢ ሆኖ ይገመታል፤ ከሲሶው (ከ33 በመቶ ገደማ) ካለፈ ግን እንደ አለአግባብ ይታያል። ልብ በሉ፣ የሚቆረጠው ከውዝፉ ነው፤ ወደፊት በየወሩ ከሚገባላችሁ አይደለም።

ታዲያ እነዚያ «አማካሪ ነን» ባዮች እንዴት በአደባባይ ያስከፍላሉ? ኮንግረስ በ2006 የወንጀል ቅጣቱን ከሕጉ አወጣው። ክልክል ነው፣ ግን በፌዴራል ሕግ የወንጀል ቅጣት የለውም። እኔ ይሄን ሳውቅ ነው ማስታወቂያቸው ለምን እንደዚያ እንደበዛ የገባኝ።

ሰው እስክናገኝ ብሎ ቀኑን ማሳለፍ

ጥሩ ረዳት ስትፈልጉ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። መጀመሪያ «ክሌም ላስገባ አስቤያለሁ» የሚለውን ቅጽ 21-0966 አስገቡ፤ ለቪኤ ስልክ ደውሎ ማስመዝገብም ይቻላል። ሙሉውን ክሌም በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁ፣ ከተፈቀደላችሁ ክፍያው ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የውጭ ዜጎችን በቋንቋ ወይም በሙያ ችሎታቸው ለጦሩ ይመለምል በነበረው የማቭኒ ፕሮግራም፣ አማርኛ በመቻላቸው ጭምር ጦሩን ከተቀላቀሉት ውስጥ «እጄ አልተቆረጠ፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» የሚል አይጠፋም። የጆሮ ጩኸትም፣ የወገብ ሕመምም፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀትም ከአገልግሎቱ ጋር ከተያያዘ ይቆጠራል።

የይለፍ ቃል ወይም የባንክ መረጃ መስጠት

አትስጡ። እውቅና ያለው ወኪል በቅጽ 21-22 ወይም 21-22ኤ ውክልና ተሰጥቶት በራሱ መንገድ ፋይላችሁን ያያል።

«መቶ በመቶ እናስገኛለን» የሚለውን መግዛት

መቶኛውን የሚወስነው ቪኤ ነው፤ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። ከዚህ ጋር የሚሸጠው የሐኪም ደብዳቤ አለ። ጥሩ ደብዳቤ የሚጽፍ ሐኪም የሕክምና ፋይላችሁን አንብቦ፣ ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር የመያያዙ ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ መሆኑንና ለምን እንደዚያ እንዳለ ያስረዳል። ስም ብቻ እየተቀየረ የሚወጣ ደብዳቤ ግን ለቪኤ ገምጋሚ ከባዶ ወረቀት ብዙ አይሻልም።

ውድቅ ሲደረግ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት

ጠበቃ በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው የሚታሰብበትን የመጀመሪያውን ቀን ሳታጡ ለመቀጠል ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አላችሁ፤ መንገዱም ሦስት ነው፦ አዲስ ማስረጃ ይዞ ተጨማሪ ክሌም ማስገባት፣ በበላይ ገምጋሚ ማስታየት፣ ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማቅረብ። በበላይ ገምጋሚ በኩል አዲስ ማስረጃ አይቀበሉም፤ ማስረጃ የጎደለው ሰው በዚያ ከሄደ ወራት ያባክናል። ቦርዱም ከከለከለ፣ ለቬተራን ይግባኝ ፍርድ ቤት ያለው ጊዜ 120 ቀን ብቻ ነው።

ወዳጄ ውሏን አልፈረማትም። ካውንቲው ቢሮ ቀጠሮ ይዟል፤ ሰሞኑን ዲዲ 214ቱን (ከጦሩ የተሰናበተበትን ወረቀት) የት እንዳስቀመጠው በመፈለግ ቤቱን እያመሰ ነው።