ሙጫም ጥድ እሳት አልይዝ ሲል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ማድቤት ችግርና መፍትሄ

ሙጫ በጠገበ የጥድ ስንጥር ከሰል ሲቀጣጠል፣ ሥራውን የሚሠራው እንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙጫ እንጂ እንጨቱ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ስንጥሩ እምቢ ሲል ወይ ሙጫ የለውም፣ ወይ እሳቱ ሙጫው ጋ እንዳይደርስ ሆኖ ተፈልጧል፣ ወይ አቀማመጡ አበላሽቶታል።

ክብሪት ቢጫርበትም ይጠቁራል እንጂ አይነድም

አስቀድመው ዛፉን ያጣሩ። «ጥድ» የምንላቸው ዛፎች ሦስት ናቸው፦ የአበሻ ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድ እና ፓይን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሽታቸው ደስ ቢልም ግንዳቸው ውስጥ የሙጫ ቧንቧ የለም፤ ለማቀጣጠያ የሚፈለገው ፓይኑ ነው። መለያው ቅጠሉ ነው፦ በአገራችን የተተከሉት ፓቱላና ራዲያታ የሚባሉት ፓይኖች ረጃጅም መርፌ የመሰለ ቅጠል አላቸው፤ መርፌዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ቦታ ይወጣሉ።

ዛፉ ፓይን ሆኖም ካልነደደ ክፍሉ ተሳስቷል። ከአናጺ ቤት የሚገኘው ነጭ፣ ቀላል ቁራጭ ሙጫው ጥቂት ነው። ሙጫ የሚጠራቀመው ጉቶው ውስጥ፣ ቅርንጫፍ በወጣበት ጉጥ ላይና ዛፉ በቆሰለበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ከተቆረጠ ዓመታት ያለፉት ጉቶ ነው፤ ነጩ የውጭ እንጨት በስብሶ ይረግፋል፣ ሙጫ የጠገበው ልቡ ግን ውሃም ሻጋታም በቀላሉ ስለማይደፍረው ይቀራል።

ለመፈተሽ በቢላ ስስ ልጣጭ ያንሱና ወደ ብርሃን ያዩት፦ ማር የመሰለ ቀለም ካለውና ብርሃን ካሳለፈ ጥሩ ነው። ሲፋቅ እንደ ቀለም ቀቢ አኳራጅ ይሸታል፤ በእጅ ሲመዘን ከተራው እንጨት ይከብዳል። ሲነድም ጫፉ ላይ ሙጫው ይፈላል።

ሙጫው አለ፣ እሳቱ ግን ቶሎ ይጠፋል

ውፍረቱን ይመልከቱ። አውራ ጣት የሚያህል ፍልጥ በአንድ ክብሪት አይሞቅም። በመጥረቢያ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ከቆረጡ በኋላ እርሳስ እስኪያህል ይሰንጥቁት፤ በመጋዝ መሰንጠቅ ግን ሙጫውን ሰጋቱራ አድርጎ መጣል ነው። ከዚያ የአንዱን ስንጥር ጫፍ በቢላ ወደ ታች ይላጉ፣ ልጣጩም ሳይቆረጥ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ይቅር። ክብሪቱ መንካት ያለበት ይህን ፀጉር ከስር ነው፤ እሳት ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድምና።

ላቀች ለሚባለው የከሰል ምድጃ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ያጠሩ 4 ወይም 5 ስንጥሮች ይበቃሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ሌሎቹን በላያቸው አቋርጠው ያስቀምጡና በላዩ ደቃቅ ከሰል ያድርጉ። ትልልቁ ከሰል የሚጨመረው ደቃቁ ሲቀላ ነው። የታችኛው የአመድ በር ክፍት ይሁን፣ ውስጡ ያለው የትናንት አመድም ይጠረግ። ነበልባሉ ሳይጠና ማርገብገብ ያጠፋዋል።

ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ጀበና፣ ሙጫ ሙጫ የሚል ቡና

የሙጫ ባሕርይ ነው፤ ጨርሶ አይቀርም። ምድጃውን ውጭ ያቀጣጥሉ፣ ስንጥሩ አልቆ ጥቁሩ ጭስ እስኪጠፋና ከሰሉ ላዩ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ፤ ጀበናም ሆነ የቡና መቁያ ከዚያ በፊት አይጣድም። ጭሱ ጠፋ ማለት ግን ከሰሉ ለተዘጋ ክፍል ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የማይታየው የከሰል ጋዝ ይገድላልና በርና መስኮት ይከፈት።

ሐረር ላይ በክረምት ይረጥባል፣ ይሻግታል

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ቤት ውስጥ የተቀመጠውንም እንጨት ያገኘዋል። የረጠበ ሙጫም ስንጥር አይጣልም፤ ውሃው ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኘውም። ጠርገው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይላጡት፣ ውስጡ ይነድዳል። ሻጋታው የሚመጣው ሳይደርቅ በፌስታል ከመቋጠሩ ነው። አዲስ የተፈለጠውን በመጀመሪያ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሁለት ሦስት ሳምንት ያድርቁ፣ ቀጥሎ በቃጫ ጆንያ አድርገው ከግድግዳ ያርቁና ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት። ምስጥም ነጩን ክፍል ስለሚወድ ነጩን ጠርቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

ለማድረቅ ብሎ ምድጃ ዳር መደርደር አደገኛ ነው፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ድሬዳዋ ላይ ሙጫው ይወጣል፣ ስንጥሩ ይጣበቃል

ሙቀቱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሙጫው ይለሰልሳል፣ የሚተነው ክፍሉም ይሄዳል። ሽታው ቢቀንስም የቀረው ይነድዳል፤ ሳይፈለጥ በትልቁ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ስለዚህ ጉቶውን ሳይፈልጡ እንዳለ አስቀምጠው የሁለት ሳምንቱን ብቻ ይፍለጡ፤ የተፈለጠውን በጋዜጣ እየለያዩ ከጣሪያው ራቅ ባለ ጥላ ያኑሩ። እጅ ላይ የተጣበቀ ሙጫ በምግብ ዘይት ታሽቶ በሳሙና ይለቃል፤ ለቢላው አኳራጅ ይሻላል፣ ከእሳት ርቆ።

ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ሽታው የኬሚካል ነው

እንጨቱ ከዕቃ መጫኛ ፓሌት የተገኘ ከሆነ ማኅተሙን ያንብቡ። በላቲን ፊደል «ኤም ቢ» (MB) የተባለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ይተዉት። «ኤች ቲ» (HT) የተባለው በሙቀት ብቻ የታከመ ነው፤ ሆኖም ዘይት ወይም ኬሚካል ፈሶበት እንደሆነ ይዩ። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ለምሰሶ የታከመ እንጨት አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል አይነድድ፤ አመዱም መርዝ ነው።