ዊንዶውስ 7 ላለው ኮምፒውተር የመረጥኩት ብራውዘር

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ባለው የእህቴ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት የሚገኘው ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር፣ ተማሪዎች የሚያሳትሙትን ጽሑፍ ለማውረድ ሲሞክሩ ብራውዘሩ ማርጀቱን እየገለጸ አንዳንድ ገጾችን ከነጭራሹ አልከፍት ብሎ ነበር። የተጫነው ክሮም 109 ሲሆን፣ ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያበቃው በዚሁ እትም ነው።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚሄደው ወደ ኤጅ፣ ኦፔራ ወይም ብሬቭ ነው፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም እንደ ክሮም ክሮሚየም በተባለ የጋራ መሠረት ላይ የተገነቡ በመሆናቸው፣ መሠረቱ ዊንዶውስ 7ን ሲተው እነርሱም አብረው ትተውታል። ስለዚህ መታየት ያለበት ስማቸው ሳይሆን ከሥር ያለው ሞተር፣ ማለትም ገጾችን የሚያሳየው የብራውዘሩ ክፍል ነው። ጌኮ በተባለ የራሱ ሞተር የሚሠራው ፋየርፎክስ ግን፣ በጁላይ 2023 በወጣው 115 የተራዘመ ድጋፍ እትሙ ዊንዶውስ 7ን ይቀበላል፤ ሌሎቹ ካቆሙ በኋላም የደኅንነት ማሻሻያ ሲደርሰው ቆይቷል።

እርሱን ጫንኩ። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ፣ ብራውዘሩ በተዘጋ ቁጥር ኩኪዎችን (ድረ ገጾች በኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ መረጃዎች) እና የጉብኝት ታሪክን እንዲያጠፋ፣ የይለፍ ቃልም እንዳያስቀምጥ አደረግሁ፤ ደንበኛ እየተፈራረቀ የግል ኢሜይሉን በሚከፍትበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ሊታለፍ የማይገባ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። በፊደል ምርጫው ዝርዝር ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተለየ ቦታ ስላለ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ኒያላን መርጬ መጠኑን ከፍ አደረግሁት። ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጅን ሲጨመርበት ደግሞ ገጾች ቀልጠፍ ብለው ይከፈታሉ።

አሁን እምቢ ያሉት ገጾች ይከፈታሉ፤ ክሮም 109ንም አራግፌዋለሁ። ዊንዶውስ 7 ራሱ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ መደበኛ ድጋፍ ስለሌለው፣ ቀጣዩ ሥራ ሲስተሙን መቀየር ነው።